አዋጁ ደጃፍ ሲሻገር፦ ሁጁምና የኡዝቤክ ቤተሰብ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ ይኸውም መንግሥት የቤተሰብን ኑሮ በዘመቻ ለመለወጥ ሲነሣ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው የሚል ነው። ምላሹን በ1920ዎቹ ኡዝቤኪስታን እንፈልገው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1917 የሩሲያው ዛር ከዙፋኑ ወረደ። በ1920 የቡኻራ አሚር በቀይ ጦር ተባረረ፤ በ1924 የኡዝቤክ ሶቪየት ሪፐብሊክ ተመሠረተች። አዲሱ ሥርዓት የሚደገፍበት የፋብሪካ ሠራተኛ በአገሩ እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ ፓርቲው ፊቱን ወደ ሴቶች መለሰ። ማርች 8 ቀን 1927 «ሁጁም»፣ ማለትም «ጥቃት»፣ የተባለው ዘመቻ ታወጀ። ሴቶች መላ አካልን የሚሸፍነውን ፓራንጃና ከፈረስ ጭራ የሚሠራውን የፊት መሸፈኛ በአደባባይ እያወለቁ ወደ እሳት ጣሉ።

ይሁንና ሴቲቱ ከአደባባዩ የምትመለሰው ወደ ባሏ፣ ወደ አማቷና ወደ ጎረቤቶቿ ነበር። የፓርቲ አባል የሆነ ባል ሚስቱ ካልተገለጠች በጓዶቹ ይወቀሳል፤ ከተገለጠች ደግሞ በሰፈሩ ይዋረዳል። የመሬት ክፍፍሉና በሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ላይ የተከፈተው ዘመቻ በተደራረቡበት ወቅት፣ መሸፈኛው የእምነትና የእምቢተኝነት ምልክት ሆነ። ብዙ ሴቶች ያወለቁትን መልሰው ለበሱ።

ያልመለሱት ከባድ አደጋ ተጋረጠባቸው። ከ1927 እስከ 1929 የተገደሉት ሴቶች ወደ 2,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ከገዳዮቹ መካከል ባሎች፣ አባቶችና ወንድሞች ነበሩ። የመድረክ ተጫዋቿ ኑርኾን ዩልዳሼቫ በ1929 በገዛ ወንድሟ እጅ ወደቀች። መንግሥት ግድያውን እንደ ፀረ አብዮት ወንጀል ቆጥሮ በሞት እስከ መቅጣት ደረሰ፤ ቅጣቱ ግን ሟቿን አልመለሰም።

የታሪክ ምሁሩ ዳግላስ ኖርትሮፕ ሁጁምን በቅኝ ገዥና በተገዥ መካከል እንደተደረገ ትግል ያየዋል። ማሪያን ካምፕ በበኩሏ የኡዝቤክ ሴቶች ራሳቸው ለውጥ ፈላጊ እንደነበሩ ታሳያለች። በእርግጥም ጀዲድ የተባሉት ተሐድሶ አራማጆች ከአብዮቱ አስቀድሞ ስለ ሴቶች ትምህርት ይሟገቱ ነበር። በእኔ አስተያየት ሁለቱ አይጣሉም፤ ለውጡን የሚሹ ሴቶች ነበሩ፣ ጊዜውንና መንገዱን የወሰነው ግን ፓርቲው ነው። ፓርቲውና ተቃዋሚዎቹ በአደባባይ ሲፋለሙ፣ ዕዳው የተከፈለው በየጓዳው፣ በሴቶች ሕይወት ነበር።