የሚራመዱ ቤቶች፦ የሃሊ ጣቢያ መኖሪያዎች ታሪክ

ሳይንቲስቶች ሩቅ ቦታ ሲሠሩ የት ያድራሉ? ስለ ግኝት ስናወራ ይህን ብዙም አንጠይቅም። አንታርክቲካ ውስጥ ባለው የሃሊ ጣቢያ ግን የሠራተኛው ቤት ጉዳይ ከመለኪያ መሣሪያው ባልተናነሰ ራስ ምታት ሆኖ ኖሯል።

ጣቢያውን የብሪታንያው ሮያል ሶሳይቲ በ1956 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (1957-58) ነው። የአዲስ አበባው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪም የዚሁ ዘመቻ ልጅ ነው። ችግሩ ሃሊ የተተከለው አለት ላይ አለመሆኑ ነው። ያረፈበት ብራንት የሚባል፣ ባሕር ላይ የተንሳፈፈ ግግር በረዶ ነው። ግግሩ ራሱ ወደ ባሕር ይጓዛል፤ ከላዩ ደግሞ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ አመዳይ ይከመርበታል። ያ አመዳይ አይቀልጥም።

ስለዚህ የመጀመሪያው የእንጨት ቤት ቀስ በቀስ ተቀበረ። በ1967 ሁለተኛው ተሠራ፤ እሱም ተዋጠ። በ1973 እና በ1983 የተሠሩት ሌላ ዘዴ ሞከሩ፦ መቀበሩ ካልቀረ ቤቱን ጫናውን በሚችል ቱቦ ውስጥ እናስገባው፤ መጀመሪያ በብረት፣ ቀጥሎ በጣውላ። እነሱም በየተራ ተተዉ።

ታዲያ ለምን ጥለው አልሄዱም? ምክንያቱ ተከታታይ ልኬት ነው። ሃሊ ላይ ከ1956 ጀምሮ ኦዞን ይለካ ነበር። በ1985 ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን ከዚያ መዝገብ ተነሥተው የአንታርክቲካ የፀደይ ኦዞን ከአንድ ሦስተኛ በላይ መሳሳቱን አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ልብ በሉ፤ የቀድሞው ዘመን ልኬት ባይኖር ኖሮ «ቀነሰ» ማለት ከየት ይመጣል? መዝገቡ እንዳይቋረጥ ደግሞ ሰው እዚያ መክረም ነበረበት።

አምስተኛው ጣቢያ የብረት እግር ተሠራለት፤ በየዓመቱ ከአመዳዩ በላይ ከፍ ይደረግ ነበር። ግን ቦታ መቀየር አይችልም። በ2013 የተመረቀው ስድስተኛው ይህንንም ፈታ፦ ስምንት ተያያዥ ቤቶች፣ በሃይድሮሊክ እግር ላይ፣ ከእግሩ ሥር ስኪ። ሰባቱ ሰማያዊ ናቸው፤ መሐል ያለው ቀዩ መመገቢያና መዝናኛ ነው። አመዳይ ሲከመር እግሮቹ በየተራ ይነሣሉ። አደጋ ሲመጣ ደግሞ ቤቶቹ ተለያይተው በትራክተር ይጎተታሉ።

አደጋውም መጣ። ግግሩ ላይ ያለ ስንጥቅ በመስፋቱ በ2016-17 ጣቢያው 23 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ተጎተተ። በ2023 በዚያው ስንጥቅ በኩል 1,550 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ በረዶ ተገንጥሎ ሄደ፤ ቤቶቹ ግን ተርፈዋል።

የሚገርመው፣ ሌላ ስንጥቅ በመታየቱ ከ2017 ወዲህ በሃሊ ማንም አይከርምም። ፀሐይ ከ100 ቀን በላይ በማትወጣበት ጨለማ መሣሪያዎቹ በአንዲት አነስተኛ ተርባይን ኃይል ብቻቸውን ይለካሉ። ሠራተኞች የሚመለሱት በበጋ ነው፤ የተበላሸውን ለመጠገን፣ ቤቶቹንም ከአመዳዩ ለማውጣት። ስድስት ጊዜ ቤት የተሠራው ሰውን ለማቆየት ነበር። በክረምቱ መዝገቡን የማስቀጠሉ ኃላፊነት ግን ዛሬ የማሽኖቹ ሆኗል።