ኦሳካ፦ ግንቡ ቢቃጠልም ምድጃው ያልጠፋ ከተማ

ኦሳካ የደረሰ እንግዳ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግንቡ ነው። የጦር አበጋዙ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ እ.ኤ.አ. በ1583 ያስጀመረው የዚህ ግንብ ማማ ሁለት ጊዜ ነዷል። በ1615 የተቀናቃኙ የቶኩጋዋ ቤት ጦር የሂዴዮሺን ልጅ ድል ነሥቶ ማማውን አመድ አደረገው። አሸናፊዎቹ መልሰው ያቆሙትን ደግሞ በ1665 መብረቅ በላው። ዛሬ የምናየው ማማ በ1931 ከከተማው ነዋሪ በተዋጣ ገንዘብ በኮንክሪት የተሠራ ነው። ከቶኩጋዋ ዘመን የተረፈው ታላቁ ነገር ድንጋዩ ነው። በሩን አልፎ ከሚታዩት አንዱ የፊቱ ስፋት 60 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱም ከ100 ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ጥጉ ላይ ያለው እድፍ የኦክቶፐስ ራስ ስለሚመስል ስሙ የኦክቶፐስ ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል።

ለኔ ግን የኦሳካ ታሪክ ይበልጥ ጥርት ብሎ የሚነበበው ከድስቱ ነው። ግንቡ በነደደበት በዚያው በ1615፣ ዶቶን የተባለ ሰው ያስጀመረው ቦይ ተቆፍሮ አለቀ። ዶቶን ራሱ በጦርነቱ ስለሞተ ፍጻሜውን አላየም፤ ቦዩ ግን በስሙ ዶቶምቦሪ ተባለ። ዳርቻው ላይ ቲያትር ቤቶች ተከፈቱ፤ ተመልካቹን የሚያበሉና የሚያጠጡ ቤቶችም ተከተሉ። ማታ ማታ መብራቱ ውሃው ላይ የሚንቀለቀለው ያ ሰፈር ዛሬም ሥራው ማብላት ነው።

ኦሳካን “የአገር ማድቤት” ያሰኛት ሩዝ ነው። በቶኩጋዋ ዘመን መሳፍንቱ ግብር የሚሰበስቡት በሩዝ ስለነበር ትርፉን ለመሸጥ ወደ ኦሳካ ጎተራዎች ይልኩት ነበር። በ1730 መንግሥት ፈቃድ በሰጠው የዶጂማ ገበያ ነጋዴዎች ገና ወደፊት የሚረከቡትን ሩዝ አስቀድመው ይገበያዩ ነበር። የዕለቱ ዋጋ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ በባንዲራ ምልክት እየተላለፈ ሌሎች ከተሞች ይደርስ ነበር።

ከሰሜን፣ ከሆካይዶ፣ መርከቦች ኮምቡ የሚባለውን የደረቀ የባሕር ተክል ይዘው ይመጡ ነበር። የኦሳካ ምግብ መሠረት ይህ ነው። ኮምቡው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቆይና ለስለስ ባለ እሳት ይሞቃል፤ ውሃው ሊፈላ ሲል ይወጣል። ከዚያ የደረቀ ዓሣ ፍቅፋቂ ይጨመርና ይጠለላል። የሚቀረው ዳሺ የሚባል፣ ወርቅማ ቀለም ያለው ጥሩ መረቅ ነው። ያለ ዳሺ የኦሳካ ሾርባም የለም፣ ታኮያኪም የለም።

ታኮያኪን ሲሠሩ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ምጣዱ ብረት ነው፤ ላዩ በእንቁላል ልክ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ተሞልቷል። ሠሪው ቀጭኑን ሊጥ ያፈስና በየጉድጓዱ አንዳንድ የኦክቶፐስ ቁራጭ ይጥላል። ከዚያ ወስፌ በመሰለ ሹል ብረት እየጠቀጠቀ ይገለብጠዋል፤ ሊጡ ዐይን እያየው ድቡልቡል ይሆናል። ውስጡ እሳት ስለሆነ መቸኮል አፍን ያቃጥላል።

ከከተማው ወጣ ሲሉ ናራ አለች፤ ቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ውስጥ 15 ሜትር የሚደርሰው የነሐስ ቡድሃ ተቀምጦባታል። ሳካይ ደግሞ የወጥ ቤት ቢላዋ የሚቀጠቀጥባት ናት። በኢኬዳ ሞሞፉኩ አንዶ በእንፋሎት አብስሎና በዘይት ጠብሶ ያደረቀው ፈጣን ኑድል በ1958 ለገበያ ቀረበ። እኛ አገር ሱቅ ሁሉ የምናየው ኢንዶሚ የዚያ ሥራ ዝርያ ነው።

ዳሺን የሚያጣፍጠው ማዕድን የማይበዛበት ውሃም ነው። የኦሳካ ውሃ ዮዶ ወንዝን ይዞ ከቢዋ ሐይቅ ይወርዳል። ከተማውም ሐይቁም ለእኛ እንግዳ አይደሉም፦ አበበ ቢቂላ በሰኔ 1953 ዓ.ም. ኦሳካ ላይ የማይኒቺን ማራቶን አሸንፏል፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ድል ካደረገ ወራት በኋላም፣ በግንቦት 1957 ዓ.ም.፣ በዚሁ ሐይቅ ዳር ሮጦ አንደኛ ወጥቷል።