ኑዛዜ፤ ከነፍስ አባት ጆሮ እስከ ፍርድ ቤት መዝገብ

ኑዛዜ የሚለው ቃል ሰምም ወርቅም አለው። በግእዝ ናዘዘ ማለት አጽናና፣ አረጋጋ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ተነሳሒው ለነፍስ አባቱ የሚናገረው ኃጢአትም፣ የሚሞት ሰው ገንዘቡን የሚያደላድልበት የመጨረሻ ቃልም በአንድ ስም ኑዛዜ ይባላል። ይህም ሁለቱን ይሰማ የነበረው ሰው አንድ ከመሆኑ የመጣ ይመስላል።

በቀድሞው በጌምድር፣ በርብና በጉማራ ወንዝ መካከል በተዘረጋው በፎገራ ሜዳም ሆነ በደራ በአንበሳሜ በኩል፣ ባለቤቱ ሕመም ሲጸናበት የነፍስ አባቱ ይጠራል፤ ቤተ ዘመዱና ሽማግሎቹም ይሰበሰባሉ። የተበደረውን፣ ያበደረውን፣ ለልጆቹ የሚተወውን በሬ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለተስካሩ የሚሆነውን ይናገራል። ቃሉን የሚያፈርስ ቢኖር በግዝት ይታሰር ነበር። ርስት ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ከቀደመ አባት የሚወርድ ስለ ሆነ ወንዱም ሴቷም በአባትም በእናትም ወገን ቆጥረው ይጠይቁት ነበርና፣ ትውልድ መቁጠር የሚያውቅ ሽማግሌ ከጸሐፊ ይልቅ ይፈለግ ነበር።

ይሁን እንጂ ጽሕፈት አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት፣ ይልቁንም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በተከሉት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም፣ የመሬት ስጦታና ሽያጭ፣ ኑዛዜም ጭምር ከነምስክሮቹ ስም በብራና ተመዝግቦአል። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክረሚ የዚያን ዘመን የመሬት ሥርዓት የመረመረው በእነዚህ መዛግብት ነው። መዝገቡ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ መጻፉ ጥበብ ነበረ፤ የወንጌልን ብራና ሊፍቅ የሚደፍር ማን ነው? ለደብር የተሰጠ መሬትም ካህናቱ እያገለገሉ የሚበሉት ነበረ።

ዳኞች ይመለከቱት የነበረው ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በኢብን አል አሳል የተሰበሰበ፣ በትውፊት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ከ51 አንቀጾቹ 22ቱ መንፈሳዊ፣ 29ኙ ሥጋዊ ሲሆኑ፣ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስም ይናገራል።

ታላቁ ለውጥ የመጣው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ሦስት ዐይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም መዝጋቢ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ በሙሉ በእጁ የሚጽፈው ነው። ሦስተኛው የአባቶቻችን ልማድ፣ በቃል የሚደረገው፣ እጅግ ጠበበ፤ በሁለት ምስክር ፊት ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ስለ ሕፃናት ልጆቹ ሞግዚት፣ እያንዳንዱም ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ መናገር ይቻላል፤ ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ቃሉ ይፈርሳል። እንግዲህ በአልጋው ላይ ሆኖ በካህንና በጎረቤት ፊት ቤቱን ለአንዲት ልጁ ብቻ የሰጠ አባት፣ ሁሉም ቢሰሙት፣ በሕግ ፊት ምንም አልሰጠም፤ ቤቱ ለልጆቹ ሁሉ በእኩል ይከፈላል። ከዚህ የሚወጣው ክርክር ወንድምን ከእኅት ይለያያል።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ርስት ቀረ። ቢሆንም በአማራ ክልል በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 133፣ ኋላም በ2009 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 252፣ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን በኑዛዜ እንዲያስተላልፍ ፈቅደዋል። ቀድሞ ውሃ የሚተኛበት ግጦሽ የነበረው የፎገራ ሜዳ ሩዝ ማብቀል ከጀመረ ወዲህ ይህ መብት ትንሽ ነገር አይደለም።

ለካህናት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው። ቀድሞ የነፍስ አባት ሰሚም ምስክርም ገዛዥም ነበረ፤ አዲሱ ሕግ በጥርጣሬ ያየዋል። ተናዛዡ ከመሞቱ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት በመንፈሳዊ ሥራው የረዳው ሰው በኑዛዜው ስጦታ ቢያገኝ፣ ዘመዱ ካልሆነ በቀር፣ ፍርድ ቤት ስጦታውን ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ይችላል። ሐኪሙም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል።