የጎዳናው ልጅ መሬት የት ገባ?

አዲስ አበባ በረንዳ ላይ የሚያድር ወጣት ስናይ «ወላጆቹ የት ሄዱ?» እንላለን። እኔ ግን «መሬቱ የት ሄደ?» ብዬ ልጀምር።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠሩን መሬት ከባላባት ወስዶ ለአራሹ ሰጠ። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ነው፤ እሱም «ቢሮክራት» በሚል ታፔላ ስንቱን ገበሬ አስለቅሷል። ከዚያ በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ ከአባቱ ማሳ ቆንጥሮ ካልተሰጠው ድርሻ የለውም። ሰዉ ግን በዛ። በ1987 ቆጠራ 53 ሚሊዮን ነበርን፣ በ1999 ወደ 74 ሚሊዮን ተጠጋን። ከዚያ ወዲህ የቆጠረንም የለም።

መሬት ያጣው ልጅ አውቶቡስ ተራ ይወርዳል። ጫማ ይጠርጋል፣ ይሸከማል። ማታስ? በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ወርሶ በርካሽ ያከራይ ነበር። ድሃው ተከራይ ደግሞ በተራው ቆጡንና ጓዳውን ለደባል ይሰጣል። ከገጠር የመጣው ወጣት በአብዛኛው የሚጠጋው እዚያ ነበር።

እነዚህ የቀበሌ ቤቶች ሲፈርሱ ምትክ የሚያገኘው ውል ያለው ነው። ፒያሳ በ2016 ሲነሣም ባለውሉ ወደ ከተማው ዳር ሄደ፤ ደባሉን የጠየቀው የለም። ትልቅ ስብሰባ ሲቀርብ አፍሶ ከከተማ ማውጣትማ የቆየ ልማድ ነው፣ ልጆቹም ተመልሰው ይመጣሉ። ቢያንስ አፍራሹ ከመምጣቱ በፊት በየጓዳው የሚያድረው ሁሉ በስሙ ይመዝገብ።