የራስ ቁር ካሜራ (ሞተር ሳይክል)

የራስ ቁር ካሜራ ወይም የሄልሜት ካሜራ በአሽከርካሪው የራስ ቁር (ሄልሜት) ላይ የሚታሰር፣ አሽከርካሪው የሚያየውን በእርሱ አቅጣጫ የሚቀርጽ ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ ነው። ይህ ጽሑፍ ካሜራው ከአስፋልት ውጪ፣ ማለትም በጭቃ፣ በአሸዋ፣ በድንጋያማ ዳገትና በጫካ ውስጥ በሚካሄደው የሞተር ሳይክል ስፖርት ያለውን አጠቃቀም ይመለከታል። ከዚህ ስፖርት ዘርፎች ውስጥ ሞቶክሮስ በተዘጋ መም ላይ የሚደረግ ውድድር ሲሆን ኢንዱሮ ደግሞ ረጅም የተፈጥሮ መልክዓ ምድር የሚያቋርጥ ነው።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው «ኦን ኤኒ ሰንደይ» የተሰኘው የብሩስ ብራውን ዘጋቢ ፊልም በራስ ቁር ላይ በታሰረ ካሜራ የተቀረጹ ትዕይንቶችን ይዟል። በፊልሙ ላይ ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን ሞተር ሳይክል ሲነዳ ይታያል። የዚያ ዘመን ካሜራ በፊልም ጥቅል የሚሠራ በመሆኑ ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው ማርክ ሹልዝ የተራራ ብስክሌት ቪዲዮ ለመሥራት በሞተር ሳይክል የራስ ቁር ላይ ካሜራ አሠረ። መቅጃው ግን ለብቻው በጀርባ ቦርሳ ይሸከሙት ነበር።

ካሜራና መቅጃ በአንድ ትንሽ ሳጥን ተጠቃልለው በስፋት የተሠራጩት በ2000ዎቹ ነው። በኒክ ውድማን የተመሠረተው ጎፕሮ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የመጀመሪያ ካሜራ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራና በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ነበር። ኩባንያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ዲጂታል ቪዲዮ ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሂሮ 7 ብላክ ደግሞ በካሜራው ውስጥ የሚሠራ ጠንካራ የምስል ማረጋጊያ አቀረበ።

የካሜራው ቦታ

ካሜራው የሚታሰርበት ቦታ የቪዲዮውን መልክ ይወስናል።

አገጭ ላይ፦ ለዓይን ከፍታ ቅርብ ስለሆነ መሪው፣ ክንዶቹና የፊት ጎማው ይታያሉ። ተመልካቹ ራሱ የሚነዳ ይመስለዋል።
የራስ ቁር አናት ላይ፦ ሩቅ ያሳያል። ነገር ግን ቅርንጫፍ በቀላሉ ይመታዋል፤ ክብደቱም አንገትን ያደክማል።
ደረት ላይ፦ ምስሉ የተረጋጋ ነው። አሽከርካሪው ራሱን ቢያዞር ግን ካሜራው አይከተለውም።
መሪ ላይ፦ የሞተሩ ንዝረት በቀጥታ ይደርሰዋል።

ንዝረትና የምስል ማረጋጊያ

የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ አንድን ፍሬም በአንድ ቅጽበት ሳይሆን ረድፍ በረድፍ ያነባል። በደቂቃ 6000 ዙር የሚሽከረከር ሞተር በሰከንድ 100 ዙር ይሠራል። የመጀመሪያው ረድፍ ተነቦ የመጨረሻው እስኪነበብ ድረስ ካሜራው ከንዝረቱ ጋር ቦታውን ስለሚቀይር ምስሉ እንደ ጄሊ ይርገበገባል። በራስ ቁር ላይ ይህ ችግር የሚቀንሰው የአሽከርካሪው ጉልበት፣ ወገብና አንገት ንዝረቱን ስለሚያበርዱት ነው።

ኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያ በጋይሮስኮፕ የካሜራውን መዞር እየለካ እያንዳንዱን ፍሬም በተቃራኒ አቅጣጫ ያዞራል፤ ለዚህም የምስሉን ጠርዝ ይቆርጣል። ዘዴው ብርሃን ይፈልጋል። በጨለማ ጫካ ውስጥ የመዝጊያው ፍጥነት ስለሚዘገይ ፍሬሙ ራሱ ይደበዝዛል። ማረጋጊያው ቦታውን ቢያስተካክልም ድብዛዜውን ሊያጠፋ አይችልም።

የፍሬም ብዛትም ለውጥ ያመጣል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር ሳይክል በሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል። በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀረጽ በሁለት ተከታታይ ፍሬሞች መካከል 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልፋል፤ በ60 ፍሬም ግን ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል።

ዳገቱ ለምን ሜዳ ይመስላል?

አሽከርካሪው ሲወጣው ልቡ የራደበት ዳገት በቪዲዮ ሲታይ ሜዳ መምሰሉ የተለመደ ነው። ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ ሩቁን አሳንሶ ያሳያል። አንድ ሌንስ እንደ ሁለት ዓይን ጥልቀትን አይለይም። አሽከርካሪው ዳገቱን ቀና ብሎ ሲያይም ካሜራው አብሮ ቀና ስለሚል ተመልካቹ የሚያነጻጽርበት አድማስ ያጣል። በፍሬሙ ውስጥ ቀጥ ብለው የቆሙ ዛፎች ወይም ከፊት የሚወጣ ሌላ አሽከርካሪ ሲኖሩ ቁልቁለቱ ይበልጥ ይታወቃል። ለጀማሪ ይህ እውቀት ከውበት ያለፈ ጥቅም አለው፤ በቪዲዮ ቀላል የመሰለው መንገድ በአካል ሲደርሱበት አደገኛ ሊሆን ይችላል።

የፋይል መጠን

በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት፣ በሰዓት ደግሞ 45 ጊጋባይት ይጽፋል። ስለዚህ 64 ጊጋባይት ካርድ ለ85 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ብዙ ካሜራዎች ረጅም ቀረጻን በየ4 ጊጋባይቱ ይከፋፍላሉ። ምክንያቱም ፋት32 የተባለው የፋይል ሥርዓት ከዚህ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። በዚህ ፍጥነት አንዱ ክፍል ከአምስት ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል።

ደኅንነት

የራስ ቁር ውጫዊ ገጽ ለስላሳ የሚሆነው ሰው ሲወድቅ መሬት ላይ እንዲንሸራተት ነው። ወጣ ብሎ የቆመ ካሜራ በድንጋይ ወይም በሥር ሲያዝ ራስን በድንገት ሊጠመዝዝ ይችላል፤ የራስ መጠምዘዝ ደግሞ ለአንጎል ጉዳት ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የራስ ቁር ደንብ ቁጥር 22 ስድስተኛ ማሻሻያ ይህንን የመጠምዘዝ ኃይል የሚለካ ሙከራ አካቷል። የራስ ቁሩን መብሳት ወይም በብሎን መቆለፍ ጥንካሬውን ስለሚያጎድል፣ በማጣበቂያ የተያያዘና ሲመታ የሚላቀቅ ማሰሪያ ይመረጣል። አንዳንድ የውድድር ደንቦች በራስ ቁር ላይ ካሜራ ማሰርን ጨርሶ ይከለክላሉ። በመሆኑም አሽከርካሪው ከውድድር በፊት ደንቡን ማየት ይኖርበታል።

ጥቅምና ጥንቃቄ

ቪዲዮው ከመዝናኛ በተጨማሪ ለሥልጠና ያገለግላል፤ አሽከርካሪው የመረጠውን መስመርና ፍሬን የያዘበትን ቦታ ተመልሶ ያያል። በአደጋ ጊዜም ማስረጃ ይሆናል፤ ነገር ግን የአሽከርካሪውን የራሱን ጥፋትም ይመዘግባል። አንዳንድ ካሜራዎች የጂፒኤስ መረጃ በፋይሉ ውስጥ ስለሚያስቀምጡ፣ ቪዲዮውን ሳያጸዱ ማሰራጨት መነሻ ቤትን ወይም የግል ይዞታን ሊያጋልጥ ይችላል።

ደግሞ ይዩ

ሞተር ሳይክል
ሞቶክሮስ
ቪዲዮ ካሜራ
ጋይሮስኮፕ