እንስራው የሚናገረውና የማይናገረው፦ ቀይ ባሕርና የአክሱም መርከቦች



የአክሱምን የባሕር ንግድ ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር የኖርሁት ያለ አንዲት መርከብ ነው። ሳንቲሞች፣ የድንጋይ ላይ ጽሑፎች፣ የውጭ ሰዎች የጻፏቸው መጻሕፍት ነበሩን። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣሊያን ወይን ጠጅ ይቆጥራል፤ ከሚወጡት ደግሞ የዝሆን ጥርስን፣ የኤሊ ቅርፊትንና የአውራሪስ ቀንድን። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ነጋዴ ኮስማስም የእስክንድርያና የአይላ ነጋዴዎች አዱሊስ ላይ ይገበያዩ እንደ ነበር ጽፏል። ይህ ሁሉ ቃል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ራልፍ ፔደርሰን የመራው የአርኪዮሎጂ ቡድን በኤርትራ ጠረፍ፣ ብላክ አሳርካ በምትባል ትንሽ ደሴት አጠገብ ከባሕር ሥር ቁፋሮ አካሄደ። በዚያ ወለል ላይ ተበትነው የተገኙት በአብዛኛው እንስራዎች ናቸው። እንስራ ስል በእናቶቻችን ጀርባ የምናውቀውን ሆደ ሰፊውን አታስቡ፤ እነዚህ ረጃጅም፣ ወደ ታች እየሾሉ የሚሄዱ፣ ሜዳ ላይ በራሳቸው መቆም የማይችሉ ናቸው። ቅርጹ ለመርከብ የተመቸ ነው፤ የአንዱ ሹል ታች በሌሎቹ ትከሻ መካከል ይገባል።

የዚህ ዓይነት እንስራ ስብርባሪ ከአክሱምም ከአዱሊስም ወጥቷል። የተቃጠለባቸው ምድጃዎች ደግሞ በዛሬዋ አቃባ፣ በጥንቷ አይላ ተገኝተዋል። ስለዚህ ኮስማስ በአንድ ሐረግ ያለፈው የአይላ ነጋዴ እነሆ ዕቃውን ከባሕር ሥር ትቶልናል። ጭነቱ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመደብ ነው፤ ዘመኑ የኢዛናና የካሌብ ዘመን መሆኑ ነው።

አንድ ጊዜ ይህን ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ «መርከቡ ታዲያ የእኛ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ምላሴ ቸኮለና «አዎን» አልሁት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እንስራ የተቃጠለበትን እሳት ይናገራል እንጂ መሪውን የያዘውን እጅ አይናገርም። የአይላ ሸቀጥ በአክሱማዊ መርከብ ሊጫን ይችላል፤ በግብጻዊም፣ በዓረብም።

ወደዚያ ስሕተት የገፋኝን ነገር ግን አውቀዋለሁ። የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ በዚህ ባሕር የሚሄዱ መርከቦች ሳንቃቸው በብረት ሚስማር ሳይሆን በገመድ የተያያዘ መሆኑን ይነግረንና ምክንያቱን ሲያስረዳ ሕንዶችም ኢትዮጵያውያንም ብረት የላቸውም ይላል። ከአክሱም መቃብሮች የብረት መሣሪያዎች ወጥተዋልና በዚህስ ተሳስቷል። እኔም ለዚህ ንቀት መልስ የሚሆን መርከብ ፈልጌ ነበር።

መልሱ ከሌላ ባሕር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1998 በኢንዶኔዥያ በቤሊቱንግ ደሴት አቅራቢያ የ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መርከብ ተገኘ። ሳንቃዎቹ ያለ አንድ ሚስማር በገመድ የተሰፉ ናቸው፤ የጫነው ግን 60 ሺህ ያህል የቻይና ሸክላ ነበር። እንግዲህ መስፋት የድኅነት ምልክት አልነበረም፤ ውቅያኖስ የሚያሻግር ጥበብ ነበር። ፕሮኮፒዮስ የሥራውን መልክ በትክክል መዝግቦ ምክንያቱን ሳተ።

የቤሊቱንግን ጭነት ያወጡት ግን ለሽያጭ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ በዚህም የተነሣ በባለሙያዎች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። ክርክሩ የዕቃ ብቻ አይደለም። ከእንስራው ሥር ያለው አሸዋ፣ አንዱ ዕቃ ከሌላው የራቀበት ክንድ፣ የገመድ ቁራጭ፣ እነዚህ ሳይለኩ ከተነሡ ለዚያ ተማሪ የሚመለስለት መልስም አብሮ ይነሣል።

በአንድ ሰው ሳሎን ውስጥ እንደዚህ ያለ ሹል እንስራ አይቻለሁ። ባለቤቱ «ከቀይ ባሕር ነው» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አያውቅም። እንዲቆምለት የብረት እግር አሠርቶለታል፣ በአፉም ደረቅ አበባ ሰክቶበታል።