የሠራዊቱ ክለብ፦ ፕሪሜይሮ ዴ አጎስቶና ዘጠኙ የአፍሪካ ዋንጫዎች

የአፍሪካ ክለቦች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ዋንጫ፣ ማለትም የአህጉሩ ምርጥ ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰባስበው በጥቂት ቀናት ውስጥ የበላያቸውን የሚለዩበት ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከተጀመረ በኋላ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለሦስት አሥርት ዓመታት እንደ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ ሴኔጋልና ግብፅ ያሉ አገሮች ክለቦች ሲፈራረቁበት ቆይቷል። ከ2002 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ግን ዋንጫው 9 ጊዜ ወደ አንድ ክለብ ገብቷል፤ እርሱም የአንጎላ ዋና ከተማ የሉዋንዳው ፕሪሜይሮ ዴ አጎስቶ ሲሆን፣ በውድድሩ ታሪክ ይህን ያህል ዋንጫ የሰበሰበ ሌላ ክለብ የለም።

ስሙ በፖርቱጋልኛ «ኦገስት አንድ» ማለት ነው። ቀኑ፣ አንጎላን ከፖርቱጋል ቅኝ አገዛዝ ለማላቀቅ ይዋጋ የነበረው ኤም.ፒ.ኤል.ኤ. የተባለው ንቅናቄ የጦር ክንፉን ፋፕላን በ1974 በይፋ ያቋቋመበት ነው። አገሪቱ በኅዳር 1975 ነፃነቷን ስታውጅ ፋፕላ መደበኛ የመንግሥት ሠራዊት ሆነ፤ ክለቡም ሦስተኛው የፋፕላ በዓል በተከበረበት ዕለት፣ ኦገስት 1 ቀን 1977፣ በሠራዊቱ ሥር ተመሠረተ። መለያው ቀይና ጥቁር ሲሆን፣ ደጋፊዎቹ ክለቡን «ወታደሮቹ» ብለው የሚጠሩት በዚሁ ከሠራዊቱ ጋር ባለው ትስስር ምክንያት ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1980 መጀመሪያ፣ ከመንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ከሶናንጎል ጋር የተሳሰረው ፔትሮ ደ ሉዋንዳ ሲመሠረት፣ የአገሪቱ ሁለት ታላላቅ ተቋማት፣ ጦሩና ነዳጁ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ በስፖርት ሜዳ ፊት ለፊት ተገናኙ። የአንጎላ ቅርጫት ኳስ ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የተቀረጸው በዚህ ፉክክር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሁለቱ ክለቦች በየዓመቱ እርስ በርሳቸው ሲፈታተኑ ከውጭ የሚመጣ ተጋጣሚ አዲስ የሚሆንባቸው ጥቂት ነበርና።

ይህ ሁሉ የሆነው በጦርነት ውስጥ ነው። ነፃነት በታወጀ ማግስት የተቀጣጠለው የእርስ በርስ ጦርነት እስከ 2002 ድረስ ለ27 ዓመታት ዘልቋል፤ ሠራዊቱም በግንባር እየተዋጋ በምሥረታ ቀኑ የሚጠራውን ክለብ በዋና ከተማዋ አልበተነም። ክለቡ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ያነሣው ጦርነቱ በተቋጨበት በዚያው በ2002 ነው። ይህን ግጥምጥሞሽ እንደ ምክንያትና ውጤት መቁጠር አይገባም፤ ምክንያቱም ለዚያ ድል ያበቃው መሠረት የተጣለው በ1980ዎቹ፣ እጅግ ከባድ በነበሩት የጦርነት ዓመታት ነው።

የዚያ ዘመን ዋና ሰው አሰልጣኝ ቪክቶሪኖ ኩንያ ነበር። ኩንያ ክለቡንም ብሔራዊ ቡድኑንም አሰልጥኗል፤ በ1989 በሉዋንዳ በተካሄደው አፍሮባስኬት፣ ማለትም በብሔራዊ ቡድኖች የአፍሪካ ሻምፒዮና፣ አንጎላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ ስታነሣም መሪዋ እርሱ ነበር። በክለቡ የተጫወተው ዣን ዣክ ኮንሴይሳኦ፣ ኋላ በፖርቱጋል፣ በፈረንሳይና በስፔን ክለቦች ተሰልፎ በ2013 በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) የክብር መዝገብ የሰፈረው፣ የዚያ ትውልድ ፊት ነው። ያው ብሔራዊ ቡድን በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በማይክል ጆርዳንና በማጂክ ጆንሰን አሜሪካ 116 ለ 48 ተሸንፏል፤ ዓለም የሚያስታውሰውም ይህንን ነው። ሆኖም በዚያው ኦሊምፒክ አስተናጋጇን ስፔንን 83 ለ 63 መርታቱ የቡድኑን አቅም በይበልጥ የሚመሰክር ውጤት ነው።

አንድ አሰልጣኝ ክለቡንም አገሩንም የመምራቱ ልማድ በኩንያ አልቆመም። ፖርቱጋላዊው ማሪዮ ፓልማ፣ ከእርሱም በኋላ የአገሩ ልጅ ሉዊስ ማጋልያይስ፣ ቀጥሎም ፓውሎ ማሴዶ በፕሪሜይሮ ዴ አጎስቶም በብሔራዊ ቡድኑም አሰልጣኝነት ሠርተዋል፤ አንጎላ በ2009ም ሆነ በ2013 አፍሮባስኬትን ስታሸንፍ አሰልጣኞቿ ከዚህ ክለብ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ስለዚህ እንደ ኳስ አቀባዩ ሚጌል ሉቶንዳ ያሉ ተጫዋቾች ከክለብ ወደ ብሔራዊ ቡድን ሲሄዱ የሚጠብቃቸው አዲስ ሥርዓት ሳይሆን በየዕለቱ የሚለማመዱት ነበር። የክለቡን መዝገብ ከብሔራዊ ቡድኑ መዝገብ ነጥሎ ማንበብ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

የአጨዋወቱ ባሕርይም ከተጫዋቾቹ ቁመና የመነጨ ነበር። አንጎላውያን እንደ ሴኔጋል ወይም እንደ ናይጄሪያ እጅግ ረጃጅም ተጫዋቾች ስላልነበሯቸው፣ ቅርጫት ሥር ከመጋፋት ይልቅ በፈጣን ቅብብል፣ ተጋጣሚን እረፍት በሚነሣ መከላከልና በባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ ላይ ተደገፉ። ባለ ሦስት ነጥብ የሚባለው ከቅርጫቱ ርቆ ከተሰመረ ቅስት ውጭ ተወርውሮ የሚገባ ኳስ ሲሆን፣ የቅስቱ ርቀት በፊባ ደንብ እስከ 2010 ድረስ 6.25 ሜትር፣ ከዚያ በኋላ 6.75 ሜትር ነው።

ሁለተኛው ዋንጫ በ2004 ከመጣ በኋላ፣ በ2006 ዋንጫው የፔትሮ ሆነ፤ ከ2007 እስከ 2010 ግን ፕሪሜይሮ ዴ አጎስቶ አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ፤ ይህ ተከታታይ ድል የክለቡ ታሪክ ከፍታ ነው። በ2011 የቱኒዚያው ኤቷል ዱ ሳህል ሰንሰለቱን ቢበጥሰውም በ2012ና በ2013 ዋንጫው ተመለሰ። በ2014 ሌላው የአንጎላ ክለብ ሬክሬያቲቮ ዶ ሊቦሎ፣ በ2015 ፔትሮ ሲያሸንፉ፣ ከ2006 ጀምሮ በነበሩት 10 ውድድሮች 9ኙን የወሰዱት የአንጎላ ክለቦች ሆኑ።

ዘጠነኛው ዋንጫ በ2019 የተገኘ ሲሆን የውድድሩም ማብቂያ ሆነ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ኤን.ቢ.ኤ.ና ፊባ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ (ባል) እንደሚመሠረት አስታወቁ፤ በአዲሱ ሥርዓት አንጎላን ጨምሮ የስድስት አገሮች የሊግ ሻምፒዮኖች በቀጥታ እንዲገቡ ተወሰነ። የ2019 የአንጎላ ሊግ አሸናፊ ፔትሮ ነበርና፣ በ2021 በኪጋሊ በተጀመረው ሊግ የተሰለፈው የአፍሪካ ዋንጫ ባለቤት ሳይሆን የከተማው ባላንጣው ሆነ። ፔትሮ በ2022 በፍጻሜው በቱኒዚያው ዩ.ኤስ. ሞናስቲር ተሸንፎ፣ በ2024 የሊቢያውን አል አህሊ 107 ለ 94 ረትቶ ሊጉን አሸነፈ። የቀድሞው ዋንጫ ከእንግዲህ ስለማይካሄድ የቀይና ጥቁሩ ክለብ 9 ዋንጫ የሚነካው የለም፤ ወደ አዲሱ አህጉራዊ መድረክ የሚያደርሰው ቀጥተኛ መንገድ ግን ፔትሮን በሉዋንዳ በማሸነፍ የሚጀምር ሆኗል።